ወንዙ ሳይሞላ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

የድጎማው ገንዘብ ዛሬም አልገባም። ጠዋት ሰልፉን አስይዤ፣ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬ፣ ኔትወርክ ወደሚያዝበት ጉብታ ወጣሁ። አምደወርቅ፣ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ወንዳወቅ አነሳ። ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን በጀት ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ ንጋቱ፣ ሲስተም የለም።»

«ሲስተም የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

«የለም ማለት ነዋ፣ ጋሼ።»

ያኔም እንዲህ ነበር የሚመልሰው። ነጥብ እቀንስበት ነበር።

መንግሥት ለየትምህርት ቤቱ በተማሪው ብዛት አስልቶ የሚልከው ድጎማ ነው። መስከረም ላይ መግባት ነበረበት። ግንቦት ሆነ። ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ይዘው ከርመው መጨረሻ ላይ ይወረውሩልሃል... ከዚያ «የመፈጸም አቅም ማነስ» ብለው ሪፖርት ላይ ይጽፉብሃል። ማን ነው አቅም ያነሰው?

ከቢሮዬ መስኮት ያ ክፍል ይታያል። ግድግዳው አምና በሕዝብ ጉልበት ቆመ። ጣሪያ የለውም። ውስጡ ፍየል ይተኛበታል።

አምና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ ወንዙ ሞላ። ከማዶ የሚመጡት ልጆች ዳር ላይ ቆመው ቀሩ። ደወሉን ሰሙት። ከዚህ ሆኜ አየኋቸው፤ ነጠላ ሸሚዛቸው በዝናብ ተጣብቆ... ደወሉ እንዲደወል ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰዓት ሰዓት ነው። ከነሱ አንዱ ጌታሰው ነበር፤ ከክፍሉ አንደኛ። በባሕር ወደ ሳውዲ ሄደ ይላሉ፤ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። እኅቱ ሠርካለም ዘንድሮ ስምንተኛ ናት።

ያ ክፍል ቆርቆሮ ከለበሰ፣ ክረምቱ ሳይገባ የማዶዎቹን ልጆች አምጥቼ እስከ ፈተናው አሳድራለሁ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ቆርቆሮ!

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ገባ! ወንዳወቅ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ፣ ልጅ እንደተወለደልኝ።

ከሰዓት አቶ ብዙነህ ዘንድ ወረድኩ። የወላጅና መምህር ኅብረት ሊቀ መንበር ነው። ያለሱ ፊርማ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሳንቲም አይወጣም። አባቴን ያውቀዋል፤ እኔንም ሱሪ ሳልታጠቅ ያውቀኛል። ሞፈር ሲጠርብ አገኘሁት። ቆርቆሮው ከመምጣቱ በፊት የግድግዳው ራስ መስተካከል፣ ወጋግራው መቆም አለበት አልኩት። ደቦ ይጠራ።

«እርሻ ላይ ነን፣ ንጋቱ።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ቀን ይሁን። ያን ቀን አታርሱም።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ያን ቀን ሚካኤል ነው። የደብራችን ታቦት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል በሬ የማትጠምዱት? ሁላችሁም እጃችሁ ባዶ ነው።»

ሞፈሩን መጥረብ ቀጠለ። ቆይቶ፦

«ለደቦው ጠላስ?»

«መመሪያው ለመስተንግዶ አይፈቅድም።»

«መመሪያው ደቦ ወጥቶ ያውቃል?»

ቀኑን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እሱ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ዝምታውን እሺ ብዬ ይዤ ተመለስኩ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ማንም አልመጣም።

አይ፣ ዘበነ መጣ፤ ጥበቃችን። ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ቀረ እንዳይሉኝ መጥቻለሁ። ድንጋይ ግን አላነሳም» አለኝ። ምን ሊሠራ መጣ? ሊያየኝ?

ኮቴን አውልቄ ብቻዬን ድንጋይ ተሸከምኩ። በዚህ ዕድሜ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በአጥሩ ዳር አለፈ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሳይቆሙ። አንዱ «መምህር፣ ሚካኤል ይርዳዎት» አለ። ምርቃት ነው ስላቅ? አሁንም አልገባኝም።

ትምህርት ቤቱ በአሥራ ሁለት ቀን ይዘጋል? አይዘጋም። ልጆቻቸውን ይልካሉ፤ እኔ አስተምራለሁ። ማስተማር ሥራ አይደለም ማለት ነው?

ወገቤ...

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

በቀበሌው ደንብ የልማት ሥራ የቀረ ይቀጣል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። የቀሩትን ሁሉ ስም ጻፍኩ፣ ቅጣቱንም ከነአንቀጹ። አቶ ብዙነህን በኃላፊነቱ ከላይ አደረግሁት። ሁለቴ አነበብኩት፤ ስሕተት የለበትም። በስንዴ ዱቄት ሙጫ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ባለቤቴ እታገኝ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ዲያቆኑ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው» አለች። «ማንበብ ለማይችሉት።»

«ጥሩ።»

«ጥሩ ነው አልክ? ሰው ሲያነበው ለቅሶ የተጠራ ነው የሚመስለው። ብዙነህ ስሙን ሰማና ከዘራውን አንሥቶ ሄደ። እነ ታይቱ ደግሞ ይስቃሉ። ታይቱ ምን አለች? ‹የኔን ስም የዘለለው ሴት ድንጋይ አትችልም ብሎ ነው? አምና ያ ግድግዳ በማን ጀርባ የቆመ መሰለው?›»

አሮጊቷ እውነቷን ነው፤ ሴቶቹን አልጻፍኩም። ደንቡ አባወራ ነው የሚለው።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ቼኩን ይዤ ብዙነህ ዘንድ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተጣራሁ። ወጣ።

«ይግቡ፣ መምህር። ይቀመጡ።»

አንቱ አለኝ! አንተ እያለኝ የኖረ ሰው። መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈልኝ፣ እንደ ወረዳ እንግዳ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ገብቶኝ ነበር።

«ፊርማ ነው የመጣሁበት።»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«የኔ ስም እኮ ግድግዳ ላይ ነው። የልማት ጠላት ነኝ። የጠላት ፊርማ ባንክ ይቀበላል?»

«ጠላት የሚል አልጻፍኩም።»

«እንዲያ ነው የሚነበበው።»

«ልጆቹ ይቀራሉ! አምና ያየኸውን... ያዩትን ረሱት እንዴ?»

«ምን አስረሳኝ? ጌታሰው የእኅቴ ልጅ አይደለም?»

አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አብረን ሠርተን... ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፦ «ነገ እናያለን» አለኝ። ነገ የሚለው ቃል በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ዛሬም «ነገ»።

ገንዘቡ ባንክ አለ። ቆርቆሮው ሱቅ አለ። ልጆቹ ማዶ አሉ። ወንዙ ገና ቁርጭምጭሚት ነው። መካከል ላይ ያለው የአንድ ሽማግሌ እልህ ብቻ ነው።

እታገኝን ይህንኑ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር።

«የአንድ?» አለች።

«ልክ ነኝ አይደለሁም?»

«ልክ ነህ። ሁሌም ልክ ነህ። ብቻህን ልክ ነህ።»

መሰረት ከጅዳ ደወለች። ልጃችን። እናቷ ሁሉንም አወራቻት፣ እኔ አጠገብ ተቀምጬ፣ የሌለሁ ያህል። ስልኩን ስትሰጠኝ «አባዬ፣ አሁንም ስም ትለጥፋለህ?» አለች። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አርፍዳ የሷንም ለጥፌ ነበር ለካ።

ወጣሁ፣ ገባሁ። በምሥራቅ በኩል ደመና አለ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ይህን ለማንም አልነግርም።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ቀበሌው ግድግዳ ጋ ቆምኩ። ማታ፣ ሰው ሳያይ ልቀደው እችል ነበር። ግን በጠራራ ፀሐይ የተለጠፈ በጠራራ ፀሐይ ይነሣ ብዬ ነው። መቅደድ ጀመርኩ። እምቢ አለ! ሙጫውን በደንብ ነው የሠራሁት። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቆዳ በቁራጭ በቁራጭ ይነሣል። ሰው ከበበኝ። ማንም አይናገር።

ታይቱ ብቻ፦ «ቀጥል ልጄ፣ የኔ ስም የለበትም፣ አልቸኩልም።»

ሳቅ ሆነ። አንገቴ ጋለ። ዞሬ ንግግር ላደርግ ነበር፤ ስለ ድጎማው ዓላማ፣ ስለ በጀት መዝጊያ... አዘጋጅቼ ነበር እኮ። አፌ ላይ የመጣው ግን «ቀኑን ሳልጠይቃችሁ ቆረጥኩ። ይቅር በሉኝ» ብቻ ሆነ። አጎነበስኩ።

ብዙነህ ከሕዝቡ መካከል ወጣ። ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ። የራሱ ስም ያለበትን ቁራጭ ጥንቅቅ አድርጎ ፋቀው።

«ይቺን እኔ ላንሣት» አለ። ቁራጯን ኪሱ ከተታት። «አንተን ግን መለጠፍ ማን አስተማረህ? ቤቴን እንዲህ ብትመርግልኝ።»

አንተ አለኝ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

አምደወርቅ። ብዙነህ ቼኩ ላይ ፈረመ። ፊርማውን በጎልማሶች ትምህርት ነው የተማረው፤ ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ሰው ፊት እየሣለ። ባንኩ ውስጥ የነበረው ሰልፍ ሁሉ ጠበቀው።

ከዚያ ሌላ ጣጣ። ገንዘቡ ወጥቶ ዕቃ እንዲገዛ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ ያስፈልጋል። በከተማው ቆርቆሮ የሚሸጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ገብረ አምላክ መሳቢያውን ከፈተ፦

«የአጎቴ ልጅ ማኅተም እዚሁ አለ። ሦስተኛውን አሁኑኑ እንጻፍ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ መምህር።»

«እኔ ሁሉም አይደለሁም።»

«የሚማሩት ልጆቹ ናቸው እንጂ ማኅተሙ ይማራል?» አለኝ። ብዙነህ እኔን አላየም፤ ሰማዩን አየ።

ሦስተኛውን ሰቆጣ ሄጄ አመጣለሁ። ቆርቆሮው ደግሞ በእውነተኛ ወረቀት ይገዛል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ሰቆጣ መንገድ ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? የሚያውቅ የለም። መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። አንድም መኪና የለም።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ላይኛው አገር ዘንቧል። ወንዙ ደፈረሰ። ጉልበት ደርሷል።

ብዙነህ ሳይጠራ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፦

«ነገ ልጆቹን እናሻግር።»

«የት ላሳድራቸው? ክፍሉ ጣሪያ የለውም!»

«እኛስ ሜዳ ላይ ነው የምናድረው?»

«ማለት?»

«ማለትማ... አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቤታችን። ለአሥራ አምስት ቀን እንግዳ የሚያበላው ያጣ ሰው አለ?»

ተቃወምኩ። ሴት ልጆች አሉ። ማን ይጠየቃል? መመሪያው... እታገኝ ከጓዳ ሳቋ ተሰማ። አሁን ሳስበው፣ ዓመቱን ሙሉ ያን ጣሪያ የሌለው ክፍል ስመለከት በዙሪያው ጢስ የሚወጣባቸውን ቤቶች አይቼ አላውቅም። ወይም አይቻለሁ... የተማሪ መዝገብ ላይ ያለ አድራሻ አድርጌ።

ግን ይሄም ያናድዳል! ገበሬው ካለችው ላይ ሊያካፍል፣ የመንግሥት ገንዘብ ባንክ ሊተኛ?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ተሻገሩ።

ጎረምሶቹ ጠፍር ገመድ ይዘው ውሃው ውስጥ ተሰለፉ። ብዙነህ ከመካከል፣ እስከ ወገቡ። ማዶ ያሉት እናቶች የበሶና የቆሎ ስልቻ ይወረውራሉ፤ ኽምጥኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ይጮኻሉ። ውሃው ድምፁን ይበላዋል። ሠርካለም መጨረሻ ላይ ነበረች። ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ አናቷ ላይ አስራለች። አልፈራችም። ወይም አላሳየችም።

ልጆቹ ለየቤቱ ተከፋፈሉ። እኔ ዘንድ ልሂድ ያለ አንድም የለም። ታይቱ፦ «ዳይሬክተሩ ልጅ አይበላም፤ ግን ሲያይ ያቃጥላል» አለች፣ እየሰማሁ። የአጎቷ የብዙነህ ቤት በወንዶቹ ስለሞላ ሠርካለም እሷ ዘንድ ነበር የተመደበችው። ታይቱ ቤት ስትደርስ የታይቱ ምራት ምጥ ይዟታል። እታገኝ እጇን ይዛ ወደኛ አመጣቻት። ልጅቷ በራችን ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደ ወንዙ ቀላል አልሆነላትም።

የመሰረት አልጋ ላይ ተኛች።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሠርካለም እኔ ካለሁ አትበላም። ከእታገኝ ጋር ጓዳ ሆነው በኽምጥኛ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። ስገባ ዝም።

ዛሬ ከበሩ ሆኜ፣ ሳልገባ፣ በልታ እንደሆነ በኽምጥኛ ጠየቅኋት። በትምህርት ቤቱ ግቢ ኽምጥኛ ተናግሬ አላውቅም። ቤትም ከእናቴ ሞት ወዲህ... ደነገጠች። ከዚያ የተናገርኩት ልክ አይደለም መሰለኝ፣ ሁለቱም ሳቁ። በኔ ነው የሚስቁት? በኔ ነው።

ማታ የፈተና ጥያቄ ይዛ መጣች። ክፍልፋይ። ሦስቴ ተሳሳተች። አልተቆጣሁም። ከባድ ነበር።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል፣ ዓመታዊው። ሥራ አልጠራሁም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፈተናው አለቀ። ሁለቱንም ቀን አንድ ልጅ አልቀረም። ወንዙ ትናንት ሌሊት ሞልቶ አደረ፤ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ዛሬ ሊሻገሩ ቢሞክሩ ኖሮ...

የመጨረሻው ወረቀት ተሰብስቦ፣ ፈታኞቹ ሲያሽጉ፣ የማዶ ልጆች ቢሮዬ በር ላይ ተሰለፉ። ተጎሻሽመው ሠርካለምን ወደ ፊት ገፏት፦

«መምህር፣ ደወሉ ይደወል።»

«አልቋል እኮ። ለምን?»

«ማዶ ይሰማል። ኔትወርክ የለም። እናቴ ተፈትነን እንደሆነ አታውቅም። ተፈትነን ስንጨርስ ደወሉ ብዙ ይደወላል ብለናቸው ነው የመጣነው።»

ሳይጠይቁኝ ቃል ገብተዋል! በኔ ደወል!

ዘበነ ብረቱን አነሣ። ተቀበልኩትና ለሷ ሰጠኋት። ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው፤ ግራር ላይ የተንጠለጠለ። መታችው። ቀጥሎ ሌላው፣ ሌላው... ተራ በተራ። ጆሮዬ እስኪደነቁር። ማዶ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ ነጭ ነጭ ነገር ወጣ። ሰዎች ናቸው። ነጠላ እያውለበለቡ።

ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ሥራ ነበረኝ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

መንገዱ የተከፈተው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ሰቆጣ ገባሁ፤ ሦስተኛውን የዋጋ ማቅረቢያ፣ እውነተኛውን፣ ማኅተሙ ያልደረቀ፣ ይዤ ዛሬ ጠዋት አምደወርቅ ደረስኩ። ወንዳወቅ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ጋሼ፣ ሲስተም ተዘግቷል።»

«አሁን ደግሞ ሲስተም አለ ማለት ነው?»

አንገቱን ደፋ። ገንዘቡ ተመልሷል።

ይህ አልበቃ ብሎ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠሩኝ። ኃላፊው እጄን ይዞ ወዘወዘኝ። ልጆቹን በየቤቱ ማሳደራችንን ሰምቷል። «ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ አቶ ንጋቱ! ያለ ምንም ወጪ! ወደ ጎረቤቶቻችን፣ ወደ ፃግብጂም ወደ ጽጽቃም ይስፋፋ ብለን ጽፈናል።»

ያለ ምንም ወጪ። ታይቱ ምራቷ አራስ ሆና ሌላ ልጅ ተቀብላ አብልታለች። የብዙነህ የዘር ጤፍ ተበልቷል። ወጪ አይደለም፤ ደረሰኝ የለውማ! ይህንኑ በጩኸት ነገርኩት። «ሕዝቡ የሠራው ገንዘቡን ስለቆለፋችሁበት ነው። ለከርሞ ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ ሕዝቡንም ገንዘቡንም። መስከረም ላይ!» ፈገግ እንዳለ ቀረ። የመፈጸም አቅም ማነስ ብሎ ይጽፍብኝ ይሆናል። ይጻፍ።

ያ ማኅተም መሳቢያው ውስጥ ነበር... አሁንም አላደርገውም። ግን ስመለስ መንገዱን ሁሉ አሰብኩት።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዝናቡ የክፍሉን ግድግዳ እያሟሟው ነው። ጭቃው ከድንጋዩ መካከል እየተሸረሸረ ይወርዳል። ራሱ በሣር ካልተከደነ መስከረምን አያይም።

ብዙነህ ዘንድ ወረድኩ። ገንዘቡ እንደተመለሰ ነገርኩት። «አቤት ስፈርም እንዴት ደክሜ ነበር» አለ ብቻ።

ግድግዳው እንዳይፈርስ ደቦ ያስፈልጋል አልኩት። «መቼ ይሁን? አንተ በል።»

በጣቱ ቆጠረ። «ነገ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ። ሰባት ሥላሴ። ስምንት አባ ኪሮስ...» እኔን እያየ ነው የሚቆጥረው፤ ዓይኑ ይስቃል። «ዘጠኝ።»

እስከ ዘጠኝ ድረስ ግማሹ ግድግዳ ይወርዳል! ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ዘጠኝ ይሁን» አልኩ።

ቤት ስመለስ ሙቀጫ ይሰማል። እታገኝና ሠርካለም ናቸው። ወንዙ እስኪጎድል ልጅቷ እኛው ጋ ናት። ለደቦው ጠላ ጌሾ እየወቀጡ ነው፤ በኔ ደመወዝ የተገዛ ጌሾ።

«ማን ነገራችሁ?» አልኩ።

ሠርካለም ቀና ብላ አየችኝና በኽምጥኛ መለሰችልኝ። እኔን እያየች፤ ሳትፈራ።